ክብሪት ያላየው ምድጃ

ማንም አያምነኝም እንጂ፣ የእኔ ምድጃ የሚንተከተክ የዓሣ ወጥ እንደተሸከመ አጥር ተሻግሯል።

ቅናሽ ሲባል እግሩ የማይታዘዝለት ሰው ታውቃላችሁ? እዚህ ሐይቅ ከተማ ጎረቤቴ ሰይድ እንደዚያ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ማገዶ አልቀመስ ሲል፣ መንግሥት ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ገዝቶ ለሚጠቀም ሰው የዋጋውን ግማሽ እመልሳለሁ አለ። ሁለታችንም ገዛን። እኔ አነደድኩበት። ሰይድ ግን ሳሎን አስቀምጦ የፕላስቲክ አበባ ሰካበት፤ ሚስቱ ዘይነባ ዛሬም በሦስት ጉልቻ ጭስ ዓይኗ ይቃጠላል። ሰው ለምን እንዲህ ይሆናል? ሳስበው ውዬ አድሬ አልደረስኩበትም።

አንድ ቀን የቀበሌው ተቆጣጣሪ፣ በምድጃው መጠቀማችንን አይቶ ለተመላሹ ሊፈርም መጣ። የእኔን ምድጃ አየ፣ ወጡን ቀመሰ፣ ፈረመልኝ። እሱ በፊት በር ሲወጣ እኔና ሰይድ ምድጃውን ከነድስቱ በጓሮ አጥር አሻገርነው። ጉልበቴን እወቁልኝ፤ ጠብታ አልፈሰሰም!

ተቆጣጣሪው ሰይድ ማድ ቤት ገብቶ ቀመሰና፣ «ይኼን ወጥ ቅድም በልቼዋለሁ» አለ።

«ጌታው፣ ምድጃው አንድ ዓይነት ከሆነ ወጡስ ምን ያድርግ?» አለ ሰይድ።

ሰውዬው ሳቀ። ሳሎን ገብቶ አበባውን ነቀለና፣ «በል የራስህን አሁን ለኩሰው፤ እፈርምልሃለሁ» አለው።

«ለኩሰው እንጂ አንተ!» አለች ዘይነባ፣ ክብሪት ይዛ።

ሰይድ ምድጃውን እቅፍ አደረገው። «ወላሂ አይሆንም! ይጠቁራል!»

ግማሹ ዋጋ ቀረበት። ውሸት ከመሰላችሁ ኑና ዘይነባን ጠይቁ፤ ምድጃውንም እዩት። ኪሳችሁ ውስጥ ክብሪት ካለ ግን ሰይድ በር አይከፍትላችሁም።