የትሪው ማዶ

እኛ ቤት ሳህን የሚወጣው ለሁለት ዓይነት ሰው ነበር፤ ለታመመና ላኮረፈ። ጤነኛ ሰው፣ ከቤተሰቡ ጋር የተስማማ ሰው፣ ትሪ ዙሪያ ይቀመጣል። እናንተም ቤት ከዚህ ብዙ አይርቅም ብዬ እገምታለሁ። ዘመናዊ ሆነናል ብላችሁ በየሳህናችሁ የምትበሉ ካላችሁም አልቀየማችሁም፤ ብቻ በሳህን የተበላ ሆድ ይሞላል እንጂ ጨዋታ አያመጣም። ትሪ ጎረቤት አለው፣ ድንበር አለው፣ በድንበሩ ላይ ደግሞ ትንሽ ኮንትሮባንድ አይጠፋም።

ሕጉን ታውቁታላችሁ። ሰው ከፊት ለፊቱ ይበላል። ማዶ ያለው ሥጋ ዓይን ዓይንህን ቢያይህ እጅህን አትሰድም፤ ነውር ነው። ታዲያ ማዶ የተቀመጠው ሰው ከወደደህ ገፋ ያደርግልሃል። በጣቱ ጫፍ፣ ወሬውን ሳያቋርጥ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ። እኔና ባለቤቴ ታደለች ትዳራችንን የመራነው በዚህ ነው። «እወድሻለሁ» የሚባለውን ቃል ከአፌ አውጥቼው አላውቅም፤ ፊልም ላይ ሲሉት እንኳ አፍራለሁ። እሷም አትልም። ግን ቦሎቄው ከእሷ ወገን ወደ እኔ ወገን እየተንከባለለ ሲመጣ እያየሁ ምን ቃል ያስፈልገኛል? «ብዪ እንጂ» እላታለሁ። «እኔ ጠግቤያለሁ» ትለኛለች። እኔም እበላለሁ።

እኔ ዲላ መናኸሪያ አካባቢ የባጃጅ መለዋወጫ የምሸጥ ሰው ነኝ። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ እዚህ ሱቅ ከፈተ፣ እዚሁ ወለደኝ። ታደለች እዚሁ ዲላ አጠገብ፣ ከጪጩ ናት፤ የጌዴኦ ልጅ። ሁለታችንም በእንሰት ያደግን ስለሆንን ቤታችን ውስጥ ያለው ትልቁ ጠብ የማን አገር ቆጮ ይበልጣል የሚለው ነው፤ እሱም እስከ ዛሬ እልባት አላገኘም። ልጆቻችን አድገው በየፊናቸው ሄደዋል። ትሪው ግን ያው የድሮው ነው። ለሁለት ሰው ሜዳ ያህላል፤ ቢሆንም ትንሽ ትሪ እንግዛ ያለ የለም።

ባለፈው የቡና ለቀማ ሰሞን ታደለች ውሃ ውሃ ማለት አበዛች። ይደክማታል። ገበያ ደርሳ ስትመለስ ቤት ሳትገባ ደጃፉ ላይ ቁጭ ትላለች። እሷ ሰው ነግሯት የምትሄድ ስላልሆነች እየጎተትኩ ክሊኒክ ወሰድኳት። ስኳር ነው አሉን። ሻይዋን እንኳ ያለ ስኳር የምትጠጣ ሴት!

ስለ አመጋገብ እንድታስረዳን ተልከን ያገኘናት ሲስተር ወጣት ናት፤ ግን ሰው እስኪገባው የምትታገስ። ወረቀት ላይ ክብ ሣለችና ግማሹን ጎመን አለችው። የቀረውን ግማሽ ለሁለት ከፍላ፣ ሩቡን ቆጮ፣ ሩቡን ቦሎቄ ወይም እንቁላል ወይም ሥጋ። ቅቤ በጥቂቱ፣ አቮካዶ በልኩ። ትምህርት ቤት እያለን «ኃይል ሰጪ፣ ገንቢ» እያልን በዜማ የሸመደድነው ነገር ነው፤ ያኔ ፈተና አለፍንበት እንጂ አልበላንበትም። ዛሬ የገባኝ በራሴ ሙያ ነው። ቆጮ ቤንዚን ነው፣ ያስኬዳል። ሲበዛ ደግሞ ታደለች ላይ እንደሆነው ደም ውስጥ ተርፎ ይቀራል። ቦሎቄና ሥጋ መለዋወጫ ነው፤ ያረጀውን ይተካል። ቆጮ ደግሞ እንዲህ ብንፎካከርበትም ከቤንዚኑ በቀር ብዙ መለዋወጫ የለውም፤ ለዚህ ነው የእኔም የእሷም አያቶች ያለ ማባያ የማያቀርቡት።

«ቅቤውስ ሲስተር፣ የሞተር ዘይት ነው?» አልኳት።

ሳቀች። «መጠባበቂያ ጀሪካን ይበሉት ጋሼ። ሰውነት ለክፉ ቀን የሚያስቀምጠው ነው። ያለ እሱ የማይሠሩ ቪታሚኖችም አሉ። ብቻ ጀሪካን በጀሪካን ላይ ከጫኑበት ባጃጁ ዳገት አይወጣም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደድኳት። ችግሩ ክቡ ነው። ሲስተሯ ክብ ስትሥል ያሰበችው ሳህን ነው። ታደለች ደግሞ የታዘዘችውን የምትፈጽም ሰው ናት፤ ቤት እንደገባን ከቡፌው አንድ ሳህን አወጣችና ጎመኑን፣ ቆጮውን፣ ቦሎቄውን በየቦታው አሰፈረች። እሷ በሳህኗ፣ እኔ በትሪዬ ሆንን።

አሁን ምን ልበላችሁ። ሰው የሚናፍቀው የሄደ ሰው ነው። ሞያሌ የወረደ ሹፌር ሚስቱን ይናፍቃል፣ ያምርበታልም። እኔ ግን እጄን ብዘረጋ የምነካት ሴት፣ እዚያው ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ናፈቀችኝ። የትሪው ማዶ ባዶ ነው። የእንሰቱ ቅጠል ብቻ ተነጥፎ ይታያል። ከናፍቆቴ የተነሳ እንደ እሷ ቦሎቄ እስከ ድንበሩ ገፋ አደርግና ተቀባይ ሲያጣ እዚያው ይቀራል፤ ትሪው ሲነሳ አብሮ ይነሳል። ሱቅ ቁጭ ብዬ እንኳ፣ ደንበኛ ስለ ፍሬን ሸራ ሲያወራኝ፣ እኔ የማስበው ጣቷን ነው። ለማን ይወራል ይሄ? «ሚስቴ ቦሎቄ መግፋት አቆመች» ብሎ ሽማግሌ የሚልክ ሰው አለ?

እሷ ግን እየተሻላት ሄደ። ፊቷ ፈካ። ጪጩ ደርሳ፣ እህቷን ጠይቃ፣ ቆጮ ተሸክማ ትመለሳለች፤ ደጃፍ ላይ መቀመጥ ቀረ። አንድ ቀን ምሳ ላይ አጎንብሳ እየበላች፣ «ቦሎቄ እንዲህ ይጣፍጣል እንዴ?» አለች። ባለሙያ ነሽ ብዬ አለፍኩት። ማለፍ አልነበረብኝም።

ለክትትል ስንመለስ ስኳሯ ወርዶ ተገኘ። ጊዜው አሁን ነው አልኩና ጉዳዬን አቀረብኩ፤ እንግዲህ ወደ ትሪያችን ብንመለስ ምን ይለናል? ሲስተሯ ገረማት። ልኩን ከጠበቃችሁ በትሪም ይሆናል፣ በሽታው የግድ በሳህን አላለም አለች። ደስ ብሎኝ ወደ ታደለች ዞርኩ። ታደለች የነጠላዋን ጫፍ ታፍተለትላለች።

«እኔ እንኳ በሳህን ይሻለኛል» አለች።

ምን አስቀየምኳት ብዬ የከረመውን ሁሉ በሐሳቤ ፈተሽኩ። ሲስተሯም ለምን እንደሆነ ጠየቀቻት። ታደለች ጠረጴዛው ላይ በጣቷ ትልቅ ክብ ሠራች። ይሄ የእሱ ነው፣ ይሄ የኔ ነው፣ ቦሎቄው እዚህ ይወጣል አለችና ያቺን የማውቃትን ጣት፣ ያቺን የናፈቀችኝን ጣት፣ ከራሷ ወገን ወደ እኔ ወገን ገፋ አደረገቻት።

«ትሪ ላይ ከሆነ እጄ አያርፍልኝም፣ ሲስተር። ድሮ ለልጆቹ ነበር፣ አሁን ለእሱ ነው። ሳህን ላይ ሲሆን ግን የኔ የኔ ነው።»

«ታዲያ እርስዎ ምን ይበሉ ነበር፣ እትዬ ታደለች?»

«ቆጮ በጎመን። ይበቃኛል።»

ሲስተሯ ፊቴን አየችና አዘነችልኝ መሰለኝ፤ ስኳር ብዙ መንስኤ አለው፣ በቦሎቄ ማነስ ብቻ አይመጣም፣ ራስዎን አይውቀሱ አለችኝ። እግዜር ይስጣት። የበላሁት ቦሎቄ የማን ድርሻ እንደነበር ግን ከሦስታችን መጠየቅ ያስፈለገው የለም። ቀኑን ሙሉ መለዋወጫ የምሸጥ ሰው፣ ማታ ማታ ቤቴ ገብቼ የሚስቴን መለዋወጫ ስበላ ኖሬያለሁ። እሷን ዕድሜ ልኳን በቤንዚን ብቻ ነዳኋት። እናንተም እስቲ ዛሬ ትሪያችሁን እዩት። ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ እንደሆነ፣ ቀድማ «ጠግቤያለሁ» የምትለዋ ማን እንደሆነች ልብ በሉ።

በባጃጅ ስንመለስ አንድ ሐሳብ ያዘኝ። ይህን ሁሉ ጊዜ ፍቅሯ ናፈቀኝ ስል የናፈቀኝ ድርሻዋ ነበር ማለት ነው? ሁለቱን አንድ ላይ ስጎርስ ኖሬ አሁን ልለያቸው አቃተኝ።

እራት ሲቀርብ ወደ ትሪው ነይ አላልኳትም። በምን አፌ? ሳህኗን ይዛ ልትቀመጥ ስትል ግን ተቀበልኳትና ትሪው ላይ፣ ማዶ፣ ድሮ በነበረችበት ቦታ አስቀመጥኩላት። ድንበሯ ሳይነካ ጎረቤት ሆንን። አየችኝና ተቀመጠች። ሳህኗን ሳይ ለቦሎቄ የተመደበው ሩብ ጎድሏል፤ ልማድ አይለቅም፣ ድስቱ ውስጥ እንዲተርፍልኝ አስባ ይሆናል። ሳህን ጠርዝ ስላለው መግፋት አይቻልም። ስለዚህ ከእኔ ወገን አፈስኩና አንስቼ ጨመርኩላት። እጄ ልምድ ስለሌለው ግማሹን አፈሰሰው።

«አንተስ?» አለች።

«እኔ ጠግቤያለሁ።»

አልጠገብኩም ነበር። ታደለች ቀና አለችና ትኩር ብላ አየችኝ። ያቺን ቃል ስንት ዘመን ስትለኝ የኖረች እሷ አይደለች? ፈገግ አለች። ከዚያም እያወቀች በላችው።