ማይነስ ስድስት

የሆነው ይህ ነው፦ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ክሬን ስትነዳ አንዲት ጡብ እንኳ ጥላ የማታውቅ ሴት «ዓይኗ ለሥራው ብቁ አይደለም» ተብሎ ተፈረደባት። የፈረደባት መሣሪያ ግን በዚያ ሰዓት የሌላ ሰው መነጽር አድርጎ ነበር።

ነገሩ እዚህ እንዴት እንደደረሰ መናገር የመሥሪያ ቤቱን አርቆ አስተዋይነት ማወደስ ነው። ስለዚህ ይነገር።

ድርጅቱ ፎቅ ይሠራል። ሴትየዋ ከፎቁም በላይ፣ ክሬኑ ጫፍ ላይ ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጣ ብረትና ኮንክሪት ታነሳለች፣ ታወርዳለች። ያነሳችውን ሁሉ ከተባለው ምልክት ላይ ሳታዛንፍ ስለምታሳርፍ ግንበኞቹ «ቱንቢ» ይሏታል። አርባ አራት ዓመቷ ነው። ከስልሳ ሜትር ከፍታ ላይ ሆና የአንዱ ግንበኛ የጫማ ማሰሪያ መፈታቱን አይታ በሬዲዮ ትነግረዋለች።

ዋና ሥራ አስኪያጁ በበኩላቸው ከአፍንጫቸው አንድ ስንዝር ያለፈ ነገር አይታያቸውም። ይህን የሚያውቁት እሳቸውና የቢሯቸው መሳቢያ ብቻ ናቸው። መነጽር ያደረገ መሪ የሒሳብ አስተማሪ ይመስላል የሚል ጽኑ አቋም ስላላቸው መነጽራቸውን መሳቢያ ውስጥ ቆልፈው ድርጅቱን በደመና ውስጥ ይመራሉ። ኮሪደር ላይ ማንንም ሰላም አይሉም፤ ሠራተኛው ይህን ግርማ ሞገስ ይለዋል። አንድ ጊዜ ብቻ መስቀያ ላይ ለተንጠለጠለ ካፖርት ጎንበስ ብለው እጅ ነስተዋል፤ እሱም ትሕትና ተብሎ ተይዞላቸዋል።

ታዲያ ድርጅቱ «ዘመኑን የዋጀ የብቃት ምዘና» ሊጀምር ቪአር ገዛ። ቪአር ዓይን ላይ እንደ ጭምብል የሚታሰር፣ ሲያጠልቁት ሌላ ዓለም ውስጥ የሚከት መሣሪያ ነው። በዚህኛው ዓለም ውስጥ ክሬን አለ፣ ጭነት አለ፣ ነጥብ የሚሰጥ ኮምፒውተርም አለ። በምረቃው ዕለት ቀድመው የሚያጠልቁት ዋና ሥራ አስኪያጁ ነበሩ። በእንግዳ ፊት አጥልቀው ምንም ባያዩ ጉድ ነው፤ መነጽራቸውን ከጭምብሉ ሥር ቢያደርጉ ደግሞ ጉዱ ይብሳል። ለዚህም ብልሃት አለው፦ በሐኪም ትእዛዝ ለአንድ ሰው ዓይን ተለክቶ ጭምብሉ ውስጥ የሚገጠም ትንሽ ሌንስ። ዓይኑ ለደከመ ሰው የተባረከ ሥራ ነው። ዋና ሥራ አስኪያጁ ቁጥሩ ማይነስ ስድስት የሆነ ጥንድ በድብቅ አሠሩ፣ በዋዜማው ራሳቸው ገጠሙት፣ በማግስቱ በጭብጨባ መካከል የሌለውን ክሬን ነዱ።

«ጥርት ያለ ነው» አሉ ጭምብሉን ሲያወልቁ። እውነታቸውን ነበር።

ሌንሱን ነቅለው ኪሳቸው ሊከቱት አስበው ነበር። የንብረት ክፍል ኃላፊው ግን ቀልጣፋ ሰው ነው። ጭምብሉን ከእጃቸው ተቀብሎ ከነሌንሱ በአንድ ቁጥር መዘገበው፤ ሌንሱ ከጭምብሉ በሚገናኝበት ጠርዝ ላይም «መነካካት ክልክል ነው» የሚል ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ለጠፈ። ወረቀቱን ለማስነሳት አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ዓረፍተ ነገሩ «የኔ መነጽር ነው» የሚል ስለሆነ ዋና ሥራ አስኪያጁ አልተናገሩትም።

የመጀመሪያዋ ተፈታኝ ቱንቢ ሆነች። ጭምብሉን አጠለቀች።

«ምን ይታይሻል?» አለ የደህንነት ኃላፊው፣ ቅጽና እስክሪብቶ ይዞ።

«ጉም።»

«ጉም ፕሮግራሙ ውስጥ የለም። ፀሐያማ ቀን ነው የተመረጠልሽ።»

«እንግዲያው ፀሐይ የወጣበት ጉም ነው። መንጠቆው የታለ?»

«ፊትሽ ነዋ።»

«ፊቴ ያለው ወይ መንጠቆ ነው ወይ ግመል ነው።»

ኮምፒውተሩ ከመቶ አሥራ አንድ ሰጣት፤ በዚያች አሥር ደቂቃ ውስጥም ሦስት የሌሉ ሠራተኞችን ጨፍልቃለች። ጭምብሉን አውልቃ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችውና ውስጡን አየች።

«ስማ፣ እዚህ ውስጥ የሰው መነጽር ተገጥሟል። ይነሳና ልሞክረው።»

የንብረት ኃላፊው ወንበሩን ጠጋ አደረገ። «እሱ የመሣሪያው አካል ነው። አብሮ ነው የተመዘገበው።»

«በጥፍሬ ብነካው እኮ ይለቃል።»

«ማኅተሙም በጥፍር ይለቃል፣ እህቴ። ከዚያ በኋላ ግን ሥራውን የሚለቅ ሰው ይፈለጋል።»

ወደ ደህንነት ኃላፊው ዞረች። «አንተ አጥልቀኸው አይተሃል?»

«አይቻለሁ።»

«ምን አየህ?»

ትንሽ አሰበ። «ዘመናዊነት።»

ከሰዓት በኋላ ደብዳቤው ደረሳት። «የባለሙያዋ ዓይን ከመሣሪያው ጋር ሊጣጣም ባለመቻሉ፣ ዓይኗን በሠላሳ ቀናት ውስጥ አስተካክላ እስክትቀርብ ድረስ በር ላይ ሄልሜት እንድታድል ተመድባለች። ሳታስተካክል ብትቀር ምደባው ቋሚ ይሆናል።» ሁለቱ ሌሎች ኦፕሬተሮች ይህን በሰሙ በማግስቱ አንደኛው ወገቡን፣ ሌላኛው ጥርሱን ታመመ። ክሬኑ ቆመ። በሪፖርቱ ላይ መቆሙ «የተጠና ዕረፍት» ተባለ።

ቱንቢ ሦስት ቀን ሄልሜት አደለች። የሚገባውም የሚወጣውም «ዓይንሽን እንዴት አደረገሽ?» ይላታል፤ አንዱ ሲሚንቶ ቀላቃይ እጇን ይዞ ደረጃ ሊያሻግራት ሁሉ ሞከረ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የለፋችበት ነገር በሠላሳ ቀን ውስጥ በር ላይ ሊቀር እንደሆነ የገባት ያኔ ነው። በአራተኛው ቀን ወደ መነጽር ቤት ሄደች።

የመነጽር ቤቱ ባለቤት ሽበታም ሴት ናቸው። ሁለቱንም ዓይኗን መረመሩና መብራቱን አጠፉ።

«ዓይንሽ ከኔ መሣሪያ ይሻላል፣ ልጄ። ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

«መሥሪያ ቤታችን ያለው ጭምብል መነጽር ተገጥሞበታል፤ አይነሳም ተብሏል። ቁጥሩን አላውቅም እንጂ የሱን ተቃራኒ ባደርግ ያጠፋው ነበር ብዬ።»

«ጭምብል ውስጥ የሚገጠም?» ሴትየዋ ሳቃቸውን ዋጡ። «ማይነስ ስድስት ነው። እኔው ነኝ የሠራሁት። ባርኔጣቸውን እስከ ቅንድባቸው ዝቅ ያደረጉ አንድ ትልቅ ሰው ናቸው ያዘዙኝ። ሲወጡ በሩን ትተው መስታወቱን ለመክፈት ታገሉ። የድርጅታችሁ መኪና ነበር የሚጠብቃቸው።»

ቱንቢ ካፖርቱን አስታወሰች። ከዚያ ኮሪደሩን፣ ግርማ ሞገሱን፣ ሁሉንም በየተራ።

«ፕላስ ስድስት ይሥሩልኝ» አለች።

«እሠራለሁ። ግን ለፈተናው ብቻ ነው። በደኅና ዓይንሽ ላይ ሌላ ቦታ ብታደርጊው እኔን ከግድግዳው አትለዪኝም።»

«ሌላ ቦታ ማን አድርጊ ይለኛል?»

እንግዲህ ሌንሱ የተፈለሰፈው ዓይኑ የደከመ ሰው ከጭምብሉ ሥር መነጽር እንዳያደርግ ነበር። አሁን ደግሞ በሌንሱ የተነሳ ዓይኗ ደኅና የሆነች ሴት ከጭምብሉ ሥር መነጽር አደረገች። ሥልጣኔ ሲገሰግስ እንዲህ ነው።

በሁለተኛው ፈተና ቱንቢ ከመቶ መቶ አመጣች፤ ማንንም አልገደለችም። የደህንነት ኃላፊው በደስታ የብቃት ማረጋገጫውን ሞልቶ ሰጣት። «ብቁ ናት፤ በመነጽር። ያለ መነጽር ክሬን ላይ ብትገኝ በሕግ ትጠየቃለች።»

«‹በመነጽር› የሚለውን ሰርዘው» አለችው።

«በመነጽር አይደል እንዴ ያለፍሽው?»

«በመነጽር ያለፍኩት መሣሪያው መነጽር ስላደረገ ነው።»

ኃላፊው በርኅራኄ አያት። «መሣሪያ መነጽር አያደርግም፣ እህቴ። ይህ ንግግርሽ እዚሁ ይቅር፤ ለአእምሮ ምርመራ ሌላ ቅጽ አለን።»

በማግስቱ ጠዋት ቱንቢ ዋና ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች። የደህንነት ኃላፊውና የንብረት ኃላፊው ግራና ቀኝ ቆመዋል። ዋና ሥራ አስኪያጁ እሷ ወዳለችበት አቅጣጫ በክብር እየተመለከቱ «መነጽር ማድረግ ነውር አይደለም» ብለው ጀመሩ። «ድርጅታችን ሠራተኛውን ከነጉድለቱ የሚቀበል ነው።»

«ተቀብያለሁ፣ ጌታዬ» አለች ቱንቢ። «ፕላስ ስድስት መነጽሬን አድርጌ ዛሬውኑ ክሬኑ ላይ እወጣለሁ። ግቢው ውስጥ የተቀመጠውን ሁለት ቶን ተኩል ተገጣጣሚ ግድግዳ አነሳለሁ። ደንቡ ደግሞ ፈቃዱ የታደሰ ኦፕሬተር የመጀመሪያውን ጭነት ሲያወርድ አንድ ኃላፊ ከሥር ቆሞ ይቆጣጠር ይላል። ማን ይቆማል?»

የደህንነት ኃላፊው ሰዓቱን አየ። «እኔ የደህንነት ስብሰባ አለብኝ።»

«እኔ ቆጠራ ላይ ነኝ» አለ የንብረት ኃላፊው። ምን እንደሚቆጥር አልተናገረም።

«እንግዲህ የቀሩት እርስዎ ነዎት።»

በዚያ ክፍል ውስጥ ስድስት ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ከውስጥ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። በአሥር እርምጃ ርቀት ሄልሜትና ባልዲ አንድ እንደሆኑ ያውቃል፤ ሰው የቆመበትና ሰው የሌለበት ቦታ እንደማይለይም ያውቃል። ዋና ሥራ አስኪያጁ አመድ መሰሉ።

«እናንተ ውጡ» አሉ። ሁለቱ ኃላፊዎች በዚያ መሥሪያ ቤት ታሪክ ታይቶ በማይታወቅ ፍጥነት ትእዛዝ ፈጸሙ።

ብቻቸውን ሲቀሩ መሳቢያውን ከፈቱ። መነጽራቸውን አውጥተው አደረጉና ሴትየዋን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት።

«ጠይም ነሽ እንዴ? ስድስት ዓመት ሙሉ ቀይ ትመስይኝ ነበር።»

«ጉም ያቀላል፣ ጌታዬ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። እኔ ማየት እችላለሁ እኮ፤ የመጣሁትም በዚሁ ጉዳይ ነው።»

ሰውየው ተነፈሱ። «ምን ትፈልጊያለሽ?»

«አንድ መስመር። ‹መሣሪያው ውስጥ ያለው ሌንስ የኔ ነው፤ ይነሳ› ብለው ይጻፉልኝ። እኔ ወደ ክሬኔ እመለሳለሁ፤ ሁለቱ ጓደኞቼም በገዛ ዓይናቸው ይፈተናሉ።»

ዋና ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቶ አነሱ። ጻፉ። ሌላም ጻፉ። አንድ መስመር ያን ያህል ጊዜ እንደማይወስድ ቱንቢ ማስታወስ ነበረባት። ማኅተሙን ራሳቸው መትተው ሰጧት፤ ቆማ አነበበችው።

«ድርጅታችን ባደረገላት ያላሰለሰ ክትትል የባለሙያዋ ዓይን በአጭር ጊዜ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ስለዳነ፣ መነጽሯን አውልቃ ወደ ሥራዋ እንድትመለስ ተፈቅዷል። መሣሪያው ለዓይን ያለው ፈዋሽነት በተግባር በመረጋገጡም ተመሳሳይ ሌንስ ያላቸው አምስት ተጨማሪ መሣሪያዎች እንዲገዙ፣ ቀሪዎቹ ኦፕሬተሮችም በዚሁ እንዲታከሙ ታዝዟል። ባለሙያዋ በምስጋናው መርሐ ግብር ላይ ስለ ፈውሷ አጭር ንግግር ታደርጋለች።»

«እኔ አልታመምኩም» አለች ቱንቢ።

«ያልታመመ ሰው አይድንም» አሉ ዋና ሥራ አስኪያጁ። «ያልዳነ ሰው ደግሞ ክሬን ላይ አይወጣም። ምረጪ።»

«ሁለቱ ጓደኞቼስ?»

«እነሱም ይድናሉ።»

በመስኮቱ ክሬኑ ይታያል፤ ክንዱን ዘርግቶ፣ መንጠቆው ባዶ ሆኖ ቆሟል። ሥሩ ግድግዳው ተጋድሟል፤ ግንበኞቹ እላዩ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ቱንቢ ሁሉንም አንድ በአንድ አየቻቸው።

«ንግግሩን ማን ይጽፍልኛል?»

«ተጽፏል።»

ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ ኪሷ ከተተች።

«ዳንኩ» አለች። ወጣችና በሩን፣ የታመመ ሰው እንደተኛበት ክፍል፣ ቀስ አድርጋ ዘጋችው።