ኦቦ ጃርሶ እና የወንጪው ንስር

ካሜራ የያዘ ሰው ባለበት ሁሉ ካሜራ ያልያዘ አለቃ አይጠፋም። ሰርግ ላይ ከሙሽራው ዘመዶች መሃል ይወጣል፤ ምረቃ ላይ ከወላጆች መሃል። ለቅሶ ቤት እንኳ ፎቶ አንሺ ከገባ እሱም ተከትሎ ይገባል። የሾመው የለም፣ ደሞዝም የለውም። ነገር ግን "ጠጋ ጠጋ በሉ!" ሲል የማይጠጋ ሰው እስካሁን አልታየም።

አምቦ ውስጥ ይህን ሥልጣን ይዘው የኖሩት ክቡር ኦቦ ጃርሶ ናቸው። ጡረታ የወጡ የከብት ክትባት ሠራተኛ ሲሆኑ፣ ግቢያቸው ከዱረቲ ፎቶ ቤት ጋር በአጥር ይዋሰናል። አጥሩ ደግሞ አጭር ነው።

ሁልጊዜ የሚጀምሩት "እኔ ካሜራ አላውቅም፣ ግን..." ብለው ነው። ከ"ግን" በኋላ ያለው ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ለጉርድ ፎቶ የተቀመጠን የባንክ ሠራተኛ፣ መርፌ እንደሚወጋ ወይፈን አገጩን ይዘው ቀና አድርገውታል። ጊንጪ በአንድ ሰርግ ላይ የሙሽራዋን አክስቶች በቁመት ሲደረድሩ ሁለቱ ተኳርፈው እስከ ዛሬ አልታረቁም። ፎቶው ግን፣ እውነት ለመናገር፣ አምሮ ነበር።

ፎቶ አንሺዋ ዱረቲ ከስምንት ዓመት ሥራ በኋላ ሰርግ ማንሳት ሰልችቷታል። ስለዚህ የሐሮ ወንጪ ሐይቅ የጀልባና የፈረስ ማኅበር ጸሐፊ የሆነው ወሰኑ፣ ለመግቢያው ትልቅ ሰሌዳ የሚሆን የሚበር ንስር ፎቶ እንደሚፈልግ ስትሰማ "እኔ አነሳዋለሁ" አለች። ወሰኑ ሁለት ነገር ጠየቃት፤ የንስሩ ዓይን ጥርት ብሎ ይታይ፣ ፎቶው እስከ ቅዳሜ ይድረስ። ካልሆነ ከአዲስ አበባ ሰው ያመጣሉ። ከሰርግ ውጪ ያገኘችው የመጀመሪያ ሥራ ነበር። ይህ ካመለጣት እስክታረጅ ድረስ ኬክ ሲቆረስ ስታነሳ እንደምትኖር አልተጠራጠረችም።

ሳምንቱን ሰፈሯ ካለው የከበበው ሥጋ ቤት ጀርባ ቆማ፣ ቅንጥብጣቢ የሚቀሙ ጭላቶችን ስታሳድድ ሰነበተች። የካሜራውን ሻተር አፈጠነች፣ ክርኗን ከጎኗ አጣበቀች፣ ወፉን ገና ከሩቅ ይዞ በሌንስ መከተልን ተለማመደች። ያገኘችው ግን ጭራ፣ የክንፍ ጫፍና ብዙ፣ እጅግ ብዙ ሰማይ ነበር። ኦቦ ጃርሶ በየዓመቱ ለጭላት ጫጩት የሚገብሩ ሰው ናቸውና ጉዳዩ ቀርቧቸው እያንዳንዱን ፎቶ አይተው ተቹ። ዓርብ ጠዋት ዱረቲ ወደ ወንጪ ስትሄድ ደግሞ "እህቴን ልጠይቅ" ብለው እዚያው መኪና ውስጥ ተገኙ።

እህትየው ግን ኋላ ትጠየቃለች ተባለ። ኦቦ ጃርሶ ከሐይቁ በላይ ባለው ገደል አፋፍ ላይ ከዱረቲ ጎን ቆሙ።

"እኔ ካሜራ አላውቅም፣ ግን ጭላቱን..."

"ንስር ነው፣ ኦቦ ጃርሶ።"

"ለዶሮ ያው ነው።"

አምስተኛው ንስር ካመለጣት በኋላ ዱረቲ፣ አባቷ ቢሰማ የሚያፍርባትን ቃል ተናገረች። "ኦቦ ጃርሶ፣ እባክዎ ዝም ይበሉልኝ" አለች።

ዝም አሉ። ጋቢያቸውን ተከናንበው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ዱረቲ የጠበቀችው ሰላም ነበር፤ የመጣው ግን ጭንቀት ነው። አንድ ንስር መጣ፣ አመለጣት። ሌላ መጣ፣ እሱም አመለጣት። አሁን የምታሳብብበት ሰው እንኳ አልነበራትም።

ፀሐይዋ ከፍ ስትል ካሜራውን ዝቅ አደረገች።

"ኦቦ ጃርሶ፣ ምኑን ነው የማበላሸው?"

ኦቦ ጃርሶ ትንሽ እንድትለምናቸው ፈለጉ፤ ለመነቻቸው። ከዚያ ተነስተው ከመሬት ጭብጥ ገለባ አነሱና አውድማ ላይ እንደቆመ ገበሬ ወደ ላይ በተኑት። ገለባው ተመልሶ ዱረቲ ፊት ላይ አረፈ።

"አየሽ? ነፋሱ ፊት ለፊትሽ ነው። ትልቅ ወፍ ሲያንዣብብ ነፋሱን ይጋፈጣል። እዚህ ቆመሽ የምታነሺው ጭራውን ነው። ሜ፣ ነይ ኢንተላ ኮ፣ ነይ ልጄ።" ትከሻዋን ይዘው ገደሉ ወደሚታጠፍበት፣ ነፋሱ ከጀርባ ወደሚመጣበት ወሰዷት። "ሁለተኛ፣ ለማን ነው የምትቆጥሪው?"

"እኔ?"

"አንድ፣ ሁለት ትያለሽ። ሦስት ላይ ትጫኛለሽ። ሙሽራ ነው እንዴ ተስተካክሎ የሚጠብቅሽ?"

ዱረቲ ደነገጠች። ስምንት ዓመት ሙሉ ቤተሰብ ሲያስፈግግ የኖረ አፏ፣ ሳታውቀው ለንስርም ይቆጥር ነበር።

ቀጣዩ ንስር ከሐይቁ በኩል ነፋሱን እየተጋፈጠ መጣ። ገና ነጥብ ሳለ ያዘችው። ከንፈሯን ነክሳ ተከተለችው፣ ክንፉን ዘርግቶ ሲቀርብ ሳትቆጥር ተጫነች።

ፎቶውን ለወሰኑ በቴሌግራም ላከችለት። መልሱ እስኪመጣ ስልኩን ሃያ ጊዜ አየች። "ዓይኑ ጥርት ብሏል፤ ሰሌዳው ላይ የሚወጣው ይሄ ነው" ይላል። ዱረቲ ሣሩ ላይ በጀርባዋ ተዘረጋች። ሳቀች፣ ትንሽም አለቀሰች።

ኦቦ ጃርሶ መነጽራቸውን አድርገው ካሜራውን ተቀበሏት። ዱረቲ ትችቱን ጠበቀች፤ እስከ ምሽት ድረስ ቢቆይም ልትሰማቸው ወስናለች። እሳቸው ግን ፎቶውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

"ዓይኑ የማር መልክ ነው ለካ" አሉ። "ይህን ሁሉ ዓመት ድንጋይ ስወረውርበት አንድ ቀን እንኳ ፊቱን አላየሁትም።"

እታች የመኪናው ሹፌር ጥሩምባውን ነፋ። ኦቦ ጃርሶ ካሜራውን ሊመልሱላት እጃቸውን ሲዘረጉ ዱረቲ አልተቀበለቻቸውም።

"ግድ የለም፣ ይዩት" አለቻቸው። ለሹፌሩም እንዲጠብቅ በእጇ ምልክት ሰጠችው።