የመጀመሪያውን አክታ ማን ይስጥ?

የሸንበቆ ሜዳ ጤና ጣቢያ የመሣሪያ ምረቃ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ሐሙስ ጥር 19 ቀን 2008 ዓ.ም.
ቦታ፦ የክትባት ክፍል (አዳራሹ ገብስ ስለተከማቸበት)፣ ታች ጋይንት

የተገኙ፦ አቶ ወርቅነህ፣ ሰብሳቢ፤ ቄሰ ገበዝ ቀለመ ወርቅ፣ የደብሩ ተወካይ፤ አቶ ጸጋዬ፣ የላብራቶሪ ባለሙያ፤ ወይዘሮ ማንአለሽ፣ የሴቶች ተወካይ፤ ፊልጶስ፣ ጸሐፊ። የቀረ አባል የለም። ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ ስለ አዲሱ መሣሪያ

አቶ ጸጋዬ ጂን ኤክስፐርት የተባለው የሳንባ ነቀርሳ መመርመሪያ ተተክሎ መፈተሹን፣ በማይክሮስኮፕ ያልታየውን ተህዋስ እንደሚያገኝ፣ ተህዋሱ መድኃኒት የተላመደ መሆን አለመሆኑንም በሁለት ሰዓት ውስጥ እንደሚለይ አስረዱ። ወይዘሮ ማንአለሽ ልጃቸው ሃይማኖት ከመስከረም ጀምሮ እንደምትስል፣ አክታዋ በማይክሮስኮፕ በተደጋጋሚ ታይቶ "የለም" መባሏን፣ አሁንም አክታዋን ይዛ ደጅ መቀመጧን ገልጸው ዛሬውኑ ይታይላት አሉ። ሰብሳቢው ያልተመረቀ መሣሪያ አይነካም አሉ። ከረጅም ውይይት በኋላ እሑድ እንዲመረቅ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ስለ መጀመሪያው አክታ

ሰብሳቢው ክብሩ የሰብሳቢ ነው አሉ። አቶ ጸጋዬ አክታ የሚሰጠው የሚያስለው ሰው መሆኑን ቢያስረዱም፣ ሰብሳቢው እስከ እሑድ እለማመዳለሁ ብለው በጉባኤው ፊት ሞከሩ። ምራቅ ብቻ ሆነ። ቄሰ ገበዙ የቆረበ ሰው በዚያ ቀን እንደማይተፋ አሳሰቡ። ሰብሳቢው እንግዲያው አልቆርብም አሉ። የነፍስ አባታቸው የሆኑት ቄሰ ገበዙ፣ "ለመሆኑ መቼ ቆርበህ ታውቃለህ?" ሲሉ ጠየቁ። ሰብሳቢው ይህ እንዲሰረዝ አዘዙ። ጸሐፊው የተባለ ሁሉ ይጻፋል ብሎ አልሰረዘም፤ አይሰርዝምም።

ሰብሳቢው ሳል እንዲይዛቸው እስከ እሑድ ያለ ጋቢ ደጅ እንዲያመሹ በድምፅ ብልጫ ተወሰነ።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ወይዘሮ ማንአለሽ ተነሥተው፣ "እናንተ የምትተፉት አጥታችሁ ትለማመዳላችሁ። ልጄ ሳሉ አላስተኛ ብሏት ቁጭ ብላ ታነጋለች" አሉ።

ከደጅ ሳል ተሰማ።

ቄሰ ገበዙ ለምረቃው የጎደለው ጸሎት ከሆነ አሁኑኑ አደርሳለሁ ብለው ወደ ላብራቶሪው ሄዱ። ከሰብሳቢው በቀር አባላቱ ተከተሉ።

ውሳኔ፦ በአጀንዳ 1 እና 2 የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። የሃይማኖት አክታ አሁኑኑ ይመርመር።

ሰብሳቢው ውጤቱ እስከ እሑድ በምስጢር ይያዝ የሚል ሐሳብ ከክትባት ክፍል ሆነው አቀረቡ። የሚደግፍ ሰው በክፍሉ ስላልነበረ ስብሰባው ከቀኑ 6፡30 ተዘጋ።

ተጨማሪ፦ ውጤቱ ከቀትር በኋላ ወጣ። ነቀርሳ ተገኝቷል፤ መድኃኒት የተላመደ አይደለም። ሃይማኖት በዚያው ዕለት መድኃኒት ጀምራለች። ሰብሳቢው አልፈርምም ብለዋል።

ፊልጶስ፣ ጸሐፊ። ፈርሜያለሁ።