ሚቶኮንድሪያን ፎራ የሰደዱት መምህር

በየትምህርት ቤቱ የርዕሰ መምህር ደም ለማፍላት የተፈጠረ አንድ መምህር አይጠፋም። የነገሌው ለወይዘሮ ብዙወርቅ ደረሳቸው። ርዕሰ መምህርት በሆኑ ማግስት፣ ክቡር ወክቡር መምህር ጃታኒ፣ የባዮሎጂው፣ ቢሯቸው ገብተው «አዴ፣ ያ የግድግዳ ሥዕል ይውረድልኝ» አሏቸው።

«ምን አደረገዎት?»

«ይዋሻል! ሕዋስን እንደ ተቀቀለ እንቁላል አስቀምጦታል። ነፍስ ያለው ነገር ዝም ብሎ ይቀመጣል?»

ከዚያ ወዲህ ማምለጫ ጠፋ። ሰውየው ለቅሶ ቤት እንኳ ስልካቸውን አውጥተው፣ መስታወት ላይ ያረፈ ሕዋስ ሲዘረጋ የሚያሳይ ፊልም ለሐዘንተኛ ያሳያሉ። ከሜጋ ከተማ የመጣ እንግዳ «ናጋ?» ብሎ ደህንነታቸውን ሲጠይቃቸው ስለ ሚቶኮንድሪያ ይመልሱለታል። ብዙወርቅ በንዴት አረሩ።

ዘንድሮ ግን ባሰ። የዞኑ የሙከራ ፈተና «ሚቶኮንድሪያ የት ይገኛል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ የጃታኒ ክፍል በሙሉ፣ እሳቸው እንዳስተማሩት፣ «ፎራ ወጥቷል» ብሎ ጻፈ። በበጋ የማይታለበው ከብት ግጦሽ ፍለጋ ከመንደር ርቆ እንደሚሄደው ማለታቸው ነው። አራሚው ለሁሉም ዜሮ ሰጠ። ዋናው ፈተና ላይ እንዲህ ቢጽፉ የልጆቹ ነገር አበቃ! ብዙወርቅ ለዞኑ ኃላፊ ደወሉና «ይህን ሰው ከላዬ ላይ አንሱልኝ!» ብለው ለመኑ። የተልተሌ ትምህርት ቤት ሊወስዳቸው ተስማማ።

መርዶውን ራሳቸው ለጃታኒ ሊነግሩ እየተንጨረጨሩ ወደ ክፍሉ ሄዱ። በሩ ላይ ሲደርሱ ግን ጉዮን አዩት። በጋ በገባ ቁጥር ከብት ተከትሎ የሚጠፋው ጉዮ፣ እንደሱ ከሚጠፉት ጓደኞቹ ጋር በጋው ሳያልቅ ተመልሶ መጥቷል። ቆሞ ያስረዳል።

«የሕዋሱ ጠርዝ መጀመሪያ ባዶውን ይሄዳል። ከከብቱ ቀድሞ ግጦሽ እንደሚያይ አሰሳ ነው። መንገዱ ሲዘረጋ ነው ሚቶኮንድሪያው የሚከተለው።»

«ፈተና ላይስ?» አሉ ጃታኒ ቆጣ ብለው።

«ሳይቶፕላዝም ውስጥ እላለሁ። ፎራ የምንለው እዚህ፣ እኛ ጋ ነው።»

የብዙወርቅ ስልክ ጮኸ። የዞኑ ኃላፊ ነው።

«መምህሩ ነገ ይነሱ፤ ጉዳዩ አልቋል።»

«የማን መምህር ነው የሚነሳው?»

«እርስዎ እኮ ነዎት የለመኑት!»

«ተናድጄ ነበር! አሁንም ተናድጃለሁ! ተልተሌ የራሷን ትፈልግ!»

ክፍሉ ዞሮ አያቸው። ደወል ተደወለ፤ ጃታኒ ጠመኔያቸውን ኪሳቸው ከተው ለመውጣት ተነሱ።

«ወዴት ነው?» ብለው ጮኹባቸው ብዙወርቅ፣ ከኋላ ወንበር እየሳቡ። «ሁሉም ሲዘረጋ ኒውክለሱ ምን ይሆናል? እሱን ሳይነግሩን?»