ሠላሳ ሰው ለአንድ ጭንቀት

(ኅዳር 2006 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ጠዋት። ጅማ ዞን፣ ከሸቤ ከተማ ወጣ ብሎ በቡና ማሳ መሀል የሚያልፍ የእግር መንገድ። ፍሬዘር፣ ጅማ የሚሠራ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ኮፍያ አድርጎ አቃፊ ይዟል። ሙሐመድሳኒ፣ ጅማ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ቤት ያከራዩት ልብስ ሰፊ፣ ጃንጥላቸውን ተመርኩዘው ይከተሉታል።)

ፍሬዘር፦ ጋሼ፣ ሰላምታ ክልክል ነው አልኩዎት እኮ!

ሙሐመድሳኒ፦ ሰላምታ አልሰጠሁም። «አከም ቡልቴ» ነው ያልኩት።

ፍሬዘር፦ እሱ ሰላምታ አይደለም?

ሙሐመድሳኒ፦ ጥያቄ ነው። ያለፍነውን ገበሬ እንዴት አደርክ አልኩት። ደህና አለ። ከብቶቹስ? ደህና። ልጆቹስ? መቼም ከብቱን ጠይቄ ልጁን ልዝለል?

ፍሬዘር፦ ሩብ ሰዓት ጠየቁት! ይሄ የዝምታ ጉዞ ነው። ሰው በቡድን ሆኖ፣ በተፈጥሮ መሀል፣ ዝም ብሎ ይሄዳል፤ ጭንቀቱ ይለቀዋል። አዳማ ድረስ ሄጄ ሦስት ቀን ሆቴል ውስጥ የሰለጠንኩት ይሄንን ነው።

ሙሐመድሳኒ፦ ሦስቱንም ቀን በእግር ሄዳችሁ?

ፍሬዘር፦ ኧረ አዳራሽ ውስጥ ነው። በስላይድ።

ሙሐመድሳኒ፦ ዛፉም በስላይድ?

ፍሬዘር፦ ዛፉም በስላይድ።

ሙሐመድሳኒ፦ አልሃምዱሊላህ፤ እግራችሁ አልተጎዳም።

ፍሬዘር፦ (ወደኋላ ዞሮ) ሌሎቹ የታሉ? የቢሮ ልጆች የት ደረሱ?

ሙሐመድሳኒ፦ ሸቤ።

ፍሬዘር፦ ሸቤን ካለፍን ቆየን እኮ!

ሙሐመድሳኒ፦ እኛ ነን ያለፍነው። ሶሲ በታኮ ጫማ ነው የመጣችው። ፉል ቤቱን ስታይ እግሬን አመመኝ አለች። መሳይ እሷን ብቻዋን አልተዋትም አለ። አራቱ ደግሞ መሳይን ብቻውን አንተወውም አሉ።

ፍሬዘር፦ ስድስቱም? ከሠላሳው የመጡት እነሱ ብቻ ነበሩ፤ አለቀልኝ! ኃላፊዬ ያለኝ ሠላሳ ሰው ነው፣ ሠላሳ ፊርማ። ሠላሳ ካልሞላ እቅዱ ወደቀ። እቅዱ ከወደቀ የዓመት ፈቃድ የለም። ፈቃድ ከሌለ የአባቴ ሰማንያ ያመልጠኛል! ቀብሩ አመለጠኝ፣ አርባው አመለጠኝ፣ ሰማንያውም ሊያመልጠኝ ነው።

ሙሐመድሳኒ፦ ቀብሩ እንዴት አመለጠህ?

ፍሬዘር፦ በስልክ ሲነግሩኝ ግምገማ ላይ ነበርኩ።

ሙሐመድሳኒ፦ ወጣሃ?

ፍሬዘር፦ ግምገማው መቼ አለቀና! አቋርጬ ብወጣ «የአመለካከት ችግር አለበት» ተብሎ ይያዝብኛል።

ሙሐመድሳኒ፦ ሱብሃነላህ! አባት ሲሞትም አመለካከት ይታያል?

ፍሬዘር፦ በዚያን ሰሞን የሚታየው እሱ ብቻ ነበር።

ሙሐመድሳኒ፦ የሰፈሩ እድርተኛ ሦስት ቀን ሙሉ ደጅህ እየመጣ ተመለሰ።

ፍሬዘር፦ ቢሮ ነበርኳ! ደግሞ ጋሼ፣ እሱ የግል ጉዳይ ነው። የዛሬው ርእስ ጭንቀት ነው፤ አይቀላቅሉብኝ።

ሙሐመድሳኒ፦ እሺ በቃ፣ አልቀላቅልም።

ፍሬዘር፦ ጭንቀት ይለካል፤ ከአንድ እስከ አሥር። ይለኩ እስቲ ራስዎን።

ሙሐመድሳኒ፦ እንቅልፍ የማይወስደው፣ ምሳው ተቀምጦለት ሳይነካው የሚወጣ፣ ሸሚዙን ገልብጦ ለብሶ ቢሮ የሚሄድ ሰው ስንት ነው?

ፍሬዘር፦ ዘጠኝ! ኧረ ከባድ ነው! እርስዎ ነዎት?

ሙሐመድሳኒ፦ አይ፣ አንድ የማውቀው ሰው ነው።

ፍሬዘር፦ እንዲህ ያለውን ነው ይዞ መምጣት!

ሙሐመድሳኒ፦ መጥቷል እኮ።

ፍሬዘር፦ (ግንባሩን መትቶ) ፉል ቤት ከቀሩት አንዱ ነው! መሳይ ነው አይደል? ጠርጥሬው ነበር። ምስኪን! በሉ ቀጣዩ ልምምድ፤ ዛፍ ይቀፉ።

ሙሐመድሳኒ፦ የማንን?

ፍሬዘር፦ የተፈጥሮን ነዋ!

ሙሐመድሳኒ፦ ይሄ የባለማሳው የኢስሃቅ ዋንዛ ነው። ሥሩ ያለውም የኢስሃቅ ቡና ነው። ቡና በቀላበት ወር ዛፉ ላይ ተለጥፈህ ቢያገኝህ፣ ለጤናዬ ነው ብትለው፣ ለጤናህ አይሆንም።

ፍሬዘር፦ (እጁን ከዛፉ ላይ በፍጥነት ያነሳል) ልምምዱ ይዘለል። (ኮሽታ ይሰማል። ዞር ብሎ ያያል።) ጋሼ! ከኋላችን ሰው አለ! ሦስት... አምስት! አንድ ለአምስት ሞላ!

ሙሐመድሳኒ፦ ዝም በል፤ የዝምታ ጉዞ ነው አላልክም?

ፍሬዘር፦ (በሹክሹክታ) አሥራ አንድ! ያውና፣ አንዱ የለቀመውን ቡና ከነቅርጫቱ አስቀምጦ ተከተለን!

ሙሐመድሳኒ፦ እንዲህ ላለ ነገር ቡናው ይቆያል።

ፍሬዘር፦ አንገታቸውን ደፍተው፣ ትንፍሽ ሳይሉ! እኛ የቢሮ ሠራተኛ አስተምረን ያልቻልነውን! ጋሼ፣ ማንም አልጠራቸውም፤ ሳይንሱ ነው የሳባቸው!

ሙሐመድሳኒ፦ ኤዬ፣ ሳይንሱ ነው።

ፍሬዘር፦ ሴትዮዋስ ዘንቢል ሙሉ ምን ይዘዋል?

ሙሐመድሳኒ፦ እህቴ ሀዋ ናት። ዳቦና ቆሎ ነው።

ፍሬዘር፦ የተሳታፊ መስተንግዶ! በጀት ጠይቄ የተከለከልኩትን! (ይጽፋል) «ማኅበረሰቡ በራሱ ተነሳሽነት...» (አንድ ሽማግሌ ቀርበው እጁን በሁለት እጃቸው ይይዛሉ፣ ጎንበስ ብለው አንድ ነገር ይናገራሉ።) ምን አሉኝ?

ሙሐመድሳኒ፦ አባ ፈየራ ናቸው። «ረቢ ሲ ሃ ጃጀቤሱ» አሉህ። ጅማ ስንት ዓመትህ ነው?

ፍሬዘር፦ ሦስት።

ሙሐመድሳኒ፦ በሦስት ዓመት ይሄን አላወቅክም?

ፍሬዘር፦ በስብሰባ ላይ አይባልማ! ምስጋና ነው አይደል? (ለሽማግሌው፣ ፈገግ ብሎ፣ ጮክ ብሎ) እኛም እናመሰግናለን! በርቱ! በየሳምንቱ እንዲህ እንሰባሰባለን!

(ሽማግሌው በድንጋጤ ያዩታል። ለሙሐመድሳኒ አንድ ነገር ብለው፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ ያልፋሉ።)

ፍሬዘር፦ አሁንስ ምን አሉ?

ሙሐመድሳኒ፦ ክፉኛ ነክቶታል አሉ።

ፍሬዘር፦ ጉዞው?

ሙሐመድሳኒ፦ እ... አዎ፣ ጉዞው።

(ትልቅ ዋርካ ሥር ይደርሳሉ። ምንጣፍ ተነጥፏል፤ አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል። ሰዉ ቦታ ቦታውን ይይዛል።)

ፍሬዘር፦ መቀመጫም አለ! አርባ አምስት፣ አርባ ስድስት፣ አርባ ሰባት! ጋሼ፣ ቅጹን ያዙሩልኝ፣ ይፈርሙ! ሰማንያው ላይ ደረስኩ ማለት ነው!

ሙሐመድሳኒ፦ ይፈርማሉ። አንተ መጀመሪያ ቁጭ በል። እዚህ፣ መሀል።

ፍሬዘር፦ አሰልጣኝ መቆም ነው ያለበት...

ሙሐመድሳኒ፦ ቁጭ በል፣ ልጄ። (ይቀመጣል) አባ ፈየራ የአባትህን ስም ይጠይቃሉ።

ፍሬዘር፦ የኔን? ቅጹ ላይ የሚሞላው የተሳታፊ የአባት ስም ነው።

ሙሐመድሳኒ፦ ንገራቸው።

ፍሬዘር፦ ከተማ።

ሙሐመድሳኒ፦ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ ይላሉ።

ፍሬዘር፦ አስተማሪ ነበር፤ ደብረ ብርሃን። የማትሪክ ውጤቴ የመጣ ቀን፣ ለአክስቴ ሊነግራት ሦስት ሰዓት በእግሩ ሄደ። ስልክ እያላት! ለምን አትደውልላትም ስለው፣ «እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም» አለኝ። እኔ ግን የሱን... በስልክ... ያውም ስብሰባ ላይ... (ሴቶቹ ማልቀስ ይጀምራሉ። ብድግ ይላል።) ይቅርታ! ይሄ ፕሮግራሙ ላይ የለም! ጋሼ፣ ሰዎቹ ለምንድን ነው የሚያለቅሱት?

ሙሐመድሳኒ፦ ለቅሶ መጥተው ምን ያድርጉ? ይዝፈኑ?

ፍሬዘር፦ የማን ለቅሶ?

ሙሐመድሳኒ፦ የአቶ ከተማ። ሐሙስ ለሀዋ ደወልኩላት። ቤቴ የሚኖር ልጅ አባቱ ሞቶበት አስተዛዛኝ አላገኘም፤ ቅዳሜ በዚህ ያልፋል፤ አይታችሁ አትለፉት አልኳት። ደጅህ ድንኳን ብንጥልልህ «ስብሰባ አለኝ» ብለህ ትወጣ ነበር። እኛም ለቅሶውን ስብሰባ አደረግነው።

ፍሬዘር፦ ሽማግሌው ያሉኝስ?

ሙሐመድሳኒ፦ አላህ ያጽናህ ነው። በርቱ አልካቸው።

ፍሬዘር፦ (ቀስ ብሎ ተመልሶ ይቀመጣል) ያ... ዘጠኝ ያልኩትስ ሰው? መሳይ አይደለም?

ሙሐመድሳኒ፦ መሳይማ ደህና ነው፤ ፉሉን ጨርሷል። አንተ ነህ እንጂ ሁለት ወር ሙሉ ምሳህን ያልጨረስከው።

(ፍሬዘር ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ይሸፍንበታል። ድምፁን ከፍ አድርጎ ያለቅሳል። ሰዉ ይከበዋል፤ ሀዋ ዳቦ ትቆርሳለች። ቅጹ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል።)

ፍሬዘር፦ (እየተንሰቀሰቀ) ጋሼ... ሪፖርቱ... ሰኞ ነው የሚገባው...

ሙሐመድሳኒ፦ አንተ አልቅስ፤ እኔ እሞላዋለሁ። (መነጽራቸውን አድርገው አቃፊውን ይከፍታሉ) የተሳታፊ ብዛት፦ አርባ ሰባት፣ ፊርማ አለው። ያጋጠመ ችግር፦ በሽተኛው አሰልጣኝ ነኝ ብሎ አስቸገረ። የተወሰደ መፍትሔ፦ ተቀመጠ፣ አለቀሰ፣ ዳቦ በላ።

ፍሬዘር፦ (አፍንጫውን እየጠረገ) «ቀጣይ አቅጣጫ» የሚል አለ። ባዶ ከሆነ አይቀበለኝም።

ሙሐመድሳኒ፦ ቀጣይ አቅጣጫ፦ ኃላፊውን ማምጣት። (ሰዉን ቀና ብለው ያያሉ) ለሱ ግን አርባ ሰባት ሰው አይበቃም።