ጾም ያልሆነው ጾምና የበሩ አጠገብ ጠረጴዛ

ይህ ቃለ ጉባኤ የሚላከው በሐምሌ ከጎሬ ወደ ጋምቤላ ተዛውረው ለሚመጡት ለአዲሷ አባላችን ለመምህርት ወ/ሪት ልድያ ስለሆነ፣ አስቀድመው ሊረዱት የሚገባ ነገር አለ። የምሳ ማኅበራችን ከዳግማይ ትንሣኤ ማግሥት ጀምሮ ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተትና ዕንቁላል ሳይበላ የቆየው ጾሞ አይደለም። በበዓለ ሃምሳ እንደማይጾም እናውቃለን። ያደረግነው ሙከራ ነው፤ ሙከራው ጾም አለመሆኑም በድምፅ ብልጫ ተወስኗል።

ሁለተኛው ነገር፣ ክርስቲያኑ ክርስቲያን ያረደውን፣ ሙስሊሙ ሙስሊም ያረደውን ስለሚበላ፣ ከሙከራው በፊት ሁለት ድስትና ሁለት ጠረጴዛ ነበረን። በጾም ወራትም ክርስቲያኑ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለሚቆይ ሰዓቱ አይገጥምም ነበር። ትልቁ ጠረጴዛ መካከል ላይ፣ ትንሹ በሩ አጠገብ ነበር። በትንሹ የሚበሉት አቶ ሳኒ ብቻ ነበሩ።

ቀን፦ እሑድ ግንቦት ፳፱ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.፣ የጰራቅሊጦስ ዕለት።
ቦታ፦ ጋምቤላ፣ ባሮ ወንዝ ዳር የተከራየነው ቤት በረንዳ።
የተገኙ፦ አቶ አሸብር፣ የመዝገብ ቤት ሹም፣ ሰብሳቢ፤ አቶ ከተማ፣ የጤና ጣቢያ ድሬሰር፣ የሙከራው ሐሳብ አመንጪ፤ አቶ ሳኒ፣ ባለሱቅ፤ አቶ ኦቻን፣ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ፤ መምህር አጥናፌ፣ ጡረተኛ፣ ድምፅ የሌለው ጸሐፊ።
ምልዓተ ጉባኤ፦ ተሟልቷል። ሰብሳቢው ወደ ወጥ ቤት ደርሰው ሲመለሱ እንደገና ተቆጥሮ እንደገና ተሟልቷል።

አንደኛ፤ የሙከራው ውጤት

አቶ ከተማ ሙከራው የተጀመረበትን ምክንያት አስታወሱ። በዚህ ሙቀት ሥጋና ቅቤ ሰውን ስለሚያከብዱ አባላት ከምሳ በኋላ በየሥራ ቦታቸው ያንቀላፋሉ፤ ከአፈር የበቀለ ብቻ ቢበሉ ይነቃሉ ብለው ነበር። ውጤቱን ሲጠየቁ፣ እንቅልፉ እንዳልቀነሰ፣ ጥራቱ ግን እንደተሻሻለ መለሱ። ሰብሳቢው በበኩላቸው ሰውነታቸው እንደ ቀለለ፣ ሐሳባቸው ግን ዶሮ ወጥ ላይ እየዋለ እያደረ እንደ ከበደ ገለጹ።

ምግብ የሚሠሩልን ወ/ሮ ወርቅነሽ ለምስክርነት ተጠሩ። አባላት ሙከራውን ጠብቀው እንደሆነ ሲጠየቁ፣ "እኔ ሰው አላጣላም" አሉ። አጥብቀው ሲጠየቁ ግን፣ አንድ አባል በወጥ ቤቱ መስኮት ብቅ እያሉ "ለፀጉሬ ነው" በማለት ቅቤ በማንኪያ ይወስዱ እንደነበር መሰከሩ። ሰብሳቢው የአባሉ ስም እንዳይመዘገብ አዘዙ፤ አልተመዘገበም። አቶ ኦቻን፣ "ጋሼ አሸብር፣ እስቲ ባርኔጣዎን ያውልቁና ቅቤው የሠራውን እንይ" አሉ። ሰብሳቢው ባርኔጣው ከአጀንዳ ውጭ እንደሆነ ወሰኑ።

አቶ ኦቻን ራሳቸው ማታ ማታ ቤታቸው ዓሣ ይበሉ እንደነበር ማንም ሳይጠይቃቸው ተናገሩ። "ይህ የምሳ ማኅበር ነው፤ በእራቴ ማን ሾማችሁ?" ሲሉም ጠየቁ። አቶ ከተማ ዓሣ እንስሳ መሆኑን ቢያስረዱ፣ "እንግዲያስ ባሮን በረት በሉት" የሚል መልስ ተሰጣቸው።

ከብዙ ክርክር በኋላ ሙከራው በክብር እንዲያበቃ፣ ወ/ሮ ወርቅነሽም ነገ ጧት በግ እንዲገዙ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ተጨበጨበ።

ሁለተኛ፤ የድስትና የጠረጴዛ ጉዳይ

ሥጋ ከተመለሰ ሁለተኛው ድስት የት እንዳለ ሰብሳቢው ጠየቁ። ወ/ሮ ወርቅነሽ፣ "ድስቱስ አለ፤ ትንሹ ጠረጴዛ ነው የሽንኩርት ማስቀመጫ የሆነው" አሉ። አቶ ሳኒ ሽንኩርቱን ራሳቸው እንደሚያነሡ፣ ስለ እርሳቸው ማንም እንዳይቸገር ተናገሩ። "ስድስት ዓመት በልቼበታለሁ፤ ለምጄዋለሁ። በበሩ በኩል ነፋስም ይገባል" አሉ። ቀጥለው አንድ ነገር ብቻ ለመናገር ፈቃድ ጠየቁ። "ከአንድ ትሪ ስንበላ አቶ ከተማ ጎመኑን ሁልጊዜ ወደ እኔ ይገፉልኝ ነበር። ከመለያየታችን በፊት ላመስግናቸው" አሉ። አቶ ከተማ ጎመን እንደማይወዱ ለማስረዳት ተነሡ። ከዚያም መልሰው ተቀመጡ።

ከዚህ በኋላ የመናገር ዕድል የጠየቀ ስላልነበረ ወደ ሦስተኛው ርእስ ታለፈ።

ሦስተኛ፤ ልዩ ልዩ

ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ነገ የሰኔ ጾም እንደሚገባ ጉባኤው መዘንጋቱን አስታወቁ። አቶ ከተማ፣ "ጋሼ፣ አምና የቄስ ጾም ነው ብለው ጥብስ በልተው የለም እንዴ?" አሉ። ሰብሳቢው ሰው በየዓመቱ እንደሚበስል መለሱ። አቶ ከተማ ጥቂት አሰቡና፣ እርሳቸውም ዘንድሮ ሊጾሙ ቆርጠው እንደነበር ገለጹ። ጸሐፊውም ቢጠየቅ እጾማለሁ አለ። አቶ ኦቻን፣ "እኔ የሚስዮን ልጅ ነኝ፤ የሰኔ ጾም አላውቅም። ግን ብቻዬን በግ ልጨርስ?" ሲሉ ተስማሙ።

አቶ ሳኒ፣ "እናንተ ሰዎች፣ ይህ ሁሉ ለእኔ ከሆነ…" ብለው ሲጀምሩ ሰብሳቢው አቋርጠው፣ "አቶ ሳኒ፣ በሃይማኖታችን አይግቡብን" አሏቸው። አቶ ሳኒ ይቅርታ ጠይቀው፣ ምሳው ወደ ዘጠኝ ሰዓት ስለሚዞር ሱቃቸውን የሚዘጉበትን ሰዓት እንደሚለውጡና እንደሚጠብቁ አስመዘገቡ።

አቶ ኦቻን ለጾሙ ፍቺ ሐሳብ አቀረቡ፦ "ዓሣ አራጅ የለውም። ማንም ከማንም ጋር ይበላዋል።" አቶ ሳኒ ደገፉ። ሰብሳቢው ዓይኑን ገልጦ የሚያያቸውን ነገር መብላት እንደማይችሉ፣ ራሱ ተቆርጦ ከመጣ ግን እንደሚያስቡበት ተናገሩ። አቶ ከተማም፣ "አጥንቱ ጉሮሮ ላይ ሲሰካ የሚያወጣው ማን ሆነና!" ብለው ተቃወሙ። ድምፁ ሁለት ለሁለት ሆኖ ቀረ።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ በአንደኛው ርእስ የተወሰነው በሙሉ ተሽሯል። በጉ አይገዛም። ሽንኩርቱ ከትንሹ ጠረጴዛ አይነሣም።

ጉባኤው በሰባት ሰዓት ተነሣ። ምሳው ሽሮና ጎመን ነበር፤ ከአንድ ትሪ ተበላ። ጎመኑ አሁንም ወደ አቶ ሳኒ በኩል ተገፍቷል።

ወ/ሪት ልድያ ሆይ፣ ጾሙ ሐምሌ አምስት ይፈታል። ከዚያ ወዲያ ፍልሰታ እስኪገባ ሰበብ የለንም፤ የቀረውም ድምፅ የእርስዎ ብቻ ነው። ዓሣ ይበላሉ ወይ? ሽንኩርቱን ማንሣት ግድ ሳይሆንብን መልስዎን በቶሎ ይላኩልን።

አጥናፌ፣ ጸሐፊ